የወንዝ ውበት ስንት ኪሎዋት ያወጣል? ከኒው ዮርክ ጊዜያዊ ፏፏቴዎች እስከ ጢስ ዓባይ

ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ ለማወቅ የፊዚክስ ትምህርት መቅሰም አያሻም። ውሃን ከዝቅታ ወደ ከፍታ ለማውጣት ግን ጉልበት መክፈል ግድ ይላል። ከሰኔ 19 ቀን 2000 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ድረስ የኒው ዮርክ ከተማ ይህን ጉልበት በፈቃደኝነት ከፍላለች። የወንዟን ውሃ በፓምፕ እየሳበች ወደ ላይ ካወጣች በኋላ መልሳ ወደዚያው ወንዝ ስትለቀው ቆይታለች። ከዚህ ሥራ የተገኘው ምርት ፏፏቴ ብቻ ነበር፤ ዓላማውም እንዲታይ ነበር።

በዚያው ወቅት ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ጢስ ዓባይ የሚካሄደው ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ተፈጥሮ ያለ ምንም ክፍያ ያዘጋጀችው ፏፏቴ ውሃው ወደ ተርባይን ተመልሶ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። በአጭሩ፣ አንዷ ከተማ ኤሌክትሪክ ከፍላ ፏፏቴ ስትገዛ፣ አገራችን ፏፏቴ ከፍላ ኤሌክትሪክ ገዝታለች።

ሁለቱም ልውውጦች የሚመሩት በአንድ ቀመር ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የኒው ዮርኩ ጊዜያዊ የሥነ ጥበብ ሥራ በወንዙ ጎብኚዎችና በአካባቢው ላይ ምን ውጤት እንዳስከተለ እንመለከታለን። ቀጥለንም ከዚያ የተገኘውን ትምህርት ይዘን ወደ ራሳችን ፏፏቴ እንመለሳለን። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን።

አራቱ ሰው ሠራሽ ፏፏቴዎች

የሥራው ባለቤት ዴንማርካዊ–አይስላንዳዊው የሥነ ጥበብ ሰው ኦላፉር ኤልያሰን ነው። ብርሃንን፣ ጉምንና ውሃን እንደ ቀለምና እንደ ብሩሽ በመጠቀም ይታወቃል። ፐብሊክ አርት ፈንድ የተባለው ድርጅት ከከተማዋ አስተዳደር ጋር በመተባበር ያሠራው ይህ ሥራ አራት ፏፏቴዎች ነበሩት። አንዱ በታዋቂው የብሩክሊን ድልድይ ሥር፣ ሁለተኛው በብሩክሊን የወደብ መድረኮች መካከል፣ ሦስተኛው በማንሃተን ዳርቻ፣ አራተኛው ደግሞ በገቨርነርስ ደሴት ላይ ቆመዋል። ቁመታቸው ከ27 እስከ 37 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህም ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ፎቅ ያለው ሕንፃ ማለት ነው። አካላቸው ለሕንፃ ግንባታ የምንጠቀምበት ዓይነት የብረት መወጣጫ ሲሆን፣ ኤልያሰን ብረቱን ለመደበቅ አልሞከረም፤ ተመልካቹ ውሃው እንዴት እንደወጣ እንዲያይ ፈልጓል።

አራቱ ፏፏቴዎች በአንድነት በየደቂቃው 35,000 ጋሎን ውሃ ያወርዱ ነበር። አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር ስለሆነ፣ ፍሰቱ በሴኮንድ ወደ 2.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ከምናየው ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሁለቱን በየሴኮንዱ እንደ መድፋት ይቆጠራል።

ይህን ያህል ውሃ ወደ ላይ ለማውጣት ምን ያህል ኃይል ይጠይቃል? ቀመሩ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ነው።

ኃይል = የውሃ እፍግታ × የስበት ሽምጠጣ × ፍሰት × ከፍታ

ፍሰቱን በሴኮንድ በሜትር ኩብ፣ ከፍታውን በሜትር ከለካን ቀመሩ ይበልጥ ያጥራል፤ ኃይሉ በኪሎዋት 9.8 ጊዜ ፍሰት ጊዜ ከፍታ ይሆናል። አማካይ ከፍታውን 32 ሜትር ብንወስድ 9.8 × 2.2 × 32 ወደ 690 ኪሎዋት ይሰጠናል። ፓምፕ ሁሉ የሚያባክነው ጉልበት ስላለ ብቃቱን 70 በመቶ ብለን ብንገምት፣ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ 1,000 ኪሎዋት ማለትም ወደ አንድ ሜጋዋት ይጠጋል።

እንግዲህ አንድ ሜጋዋት በየቀኑ ለረጅም ሰዓታት፣ ለ110 ቀናት ተከፍሏል ማለት ነው። ይህ ጉልበት የት ገባ? ውሃው ሲወርድ እምቅ ጉልበቱ ወደ እንቅስቃሴያዊ ጉልበት ይለወጣል። የአየር ግጭት ባይኖር ከ32 ሜትር የሚወርድ ውሃ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር። ከታችኛው ውሃ ጋር ሲጋጭ ግን ጉልበቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሙቀቱም ውሃውን ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ በታች ከፍ ከማድረግ አያልፍም። ከዚያ ሁሉ ወጪ የሚቀረው ለተመልካች ዓይንና ጆሮ የደረሰው ብቻ ነው። የሥነ ጥበብ ሥራው ዋጋ አለው ከተባለ ሊለካ የሚችለው በተመልካቹ ነው።

ተመልካቹና ገንዘቡ

የሥራው ጠቅላላ ወጪ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አብዛኛው ከግል ለጋሾች ተሰብስቧል። የከተማዋ አስተዳደር ሥራው ከመጀመሩ በፊት 55 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ እንደሚያመጣ ተንብዮ ነበር። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ባወጣው ዘገባ ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ፏፏቴዎቹን እንዳዩ ገልጾ፣ የኢኮኖሚ ጥቅሙን 69 ሚሊዮን ዶላር አድርሶታል።

ከዚህ ተጠቃሚ ከሆኑት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት በወንዙ ላይ ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ናቸው። ፏፏቴዎቹ ተራርቀው በሦስት ዳርቻዎች ስለቆሙ፣ አራቱን በአንድ ጉዞ በቅርብ ለማየት የሚመረጠው በውሃ ላይ መሄድ ነበር። ይህን ጉዞ ብቻ የሚያደርጉ የጀልባ ጉብኝቶችም ተዘጋጅተዋል። የከተማዋ ሰው ለዓመታት በድልድይ እየተሻገረ ልብ ሳይለው የኖረው የውሃ አካል በድንገት የጉብኝት ስፍራ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሳይንስ የለመደ አንባቢ «69 ሚሊዮን» ሲባል «ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ነገሩን ለመረዳት በመርካቶ ሲኒማ ራስ ፊልም ለማየት ይሰለፍ የነበረውን ወጣት በምሳሌነት እናንሳ። ወጣቱ ለትኬት የከፈለው ገንዘብ የሲኒማ ቤቱ ቀጥተኛ ገቢ ነው። በር ላይ ኦቾሎኒ ከምትሸጠው እናት የገዛበት፣ ከፊልሙም በኋላ በአቅራቢያው ሻይ ቤት የከፈለው ተዘዋዋሪ ገቢ ይባላል። የሻይ ቤቱ ባለቤት በዚያ ገንዘብ ስኳር ሲገዛ ደግሞ ገንዘቡ አንድ እርምጃ ይቀጥላል። የኢኮኖሚ ጥናት እነዚህን ሁሉ ይደምራል።

ነገር ግን ያ ወጣት ሲኒማ ራስ ባይሄድ ኖሮ ፒያሳ ወርዶ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይገባ ነበር እንበል። እንዲህ ከሆነ ገንዘቡ ከፒያሳ ወደ መርካቶ ተዛወረ እንጂ ለአዲስ አበባ የተጨመረ ነገር የለም። ፊልሙን ብሎ ከአዳማ የመጣ ሰው ቢሆን ግን ለከተማዋ እውነተኛ ጭማሪ ነው። የኒው ዮርክም ነገር እንዲሁ ነው። ከ1.4 ሚሊዮኑ ተመልካች ብዙው በአካባቢው የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም በሌላ ምክንያት የመጣ ሰው ነው። ለከተማዋ ተጨማሪ ገቢ የሚሆነው በፏፏቴዎቹ ምክንያት ብቻ የመጣው ወይም የቆይታ ጊዜውን ያራዘመው ሰው ያወጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ተመልካችን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ «ባይኖር ኖሮስ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱን ናሙና ለማነጻጸሪያ ሳንነካው የምንተወው ለዚሁ ነው።

ጨዋማው ጉም

ለሥራው የማይጠበቅ ዋጋ ያስከፈለው ውሃው ራሱ ነው። የኒው ዮርኩ «ኢስት ሪቨር» በስሙ ወንዝ ይባል እንጂ በእርግጥ የባሕር ወሽመጦችን የሚያገናኝ፣ በባሕር ሞገድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚፈስ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው። ውሃውም ጨዋማ ነው።

ውሃ ከከፍታ ሲወርድ ወደ ጠብታ ይበታተናል። ትላልቆቹ ጠብታዎች በፍጥነት ይወርዳሉ። ዲያሜትሩ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ ጠብታ ግን የአየር ግጭት ስለሚይዘው በሴኮንድ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። ከ30 ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ መጠነኛ ነፋስ ቢያገኘው በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች 600 ሜትር ይወስደዋል። በመንገዱ ላይም ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ቅጠል ላይ ያረፈ ጨው በኦስሞሲስ ምክንያት ከቅጠሉ ሕዋሳት ውሃ ይስባል፤ ቅጠሉም በነሐሴ ወር እንደ በጋ ቅጠል ይጠወልጋል።

በብሩክሊን ዳርቻ የታየው ይኸው ነበር። በወንዙ አጠገብ በሚገኝ ታዋቂ ምግብ ቤትና በሕዝብ መናፈሻ መንገድ ላይ ያሉ ዛፎች ቅጠላቸው ቡናማ እየሆነ መርገፍ ጀመረ፤ ነዋሪዎችም አቤቱታ አቀረቡ። ከተማዋ ዛፎቹን በንጹሕ ውሃ ከማሳጠቧም በላይ፣ ከመስከረም ጀምሮ ፏፏቴዎቹ የሚሠሩበትን ሰዓት ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰች፤ ነፋስ በሚበረታበት ጊዜም ይዘጉ ነበር። ፏፏቴው ጊዜያዊ መሆኑ፣ ከዚያም በላይ በመዝጊያ ቁልፍ የሚታዘዝ መሆኑ ጉዳቱን ለመግታት አስችሏል። ይህን ነጥብ አንባብያን እንዲይዙልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጊዜያዊ ሥራ የሚያስከትለው ሌላው ጣጣ የሕዝብ ብዛት ነው። በ2016 በጣሊያን ኢዜኦ ሐይቅ ላይ ክሪስቶ የተባለው የሥነ ጥበብ ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ተንሳፋፊ መንገድ ዘርግቶ ነበር። በ16 ቀናት ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ስለጎረፈ፣ ሌት ተቀን ክፍት እንዲሆን የታሰበው መንገድ በሌሊት እንዲዘጋ ተገዷል። ለአንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ይህ ገበያም ጎርፍም ነው። ሥራው ሲነሳ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ጢስ ዓባይ፦ የተገላቢጦሽ ልውውጥ

ኦላፉር ኤልያሰን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2015 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለእይታ አቅርቧል። ከዚያ ቀደም ሲልም በ2012 ከአንድ መሐንዲስ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰባቸው ቤቶች የምትሆን «ሊትል ሰን» የተባለች አነስተኛ የፀሐይ መብራት ለገበያ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም መብራቷ ከተሠራጨችባቸው አገሮች አንዷ ናት። ለአንድ የበጋ ትርኢት አንድ ሜጋዋት ያስወጣ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ያሰበው ስለ አንድ አምፖል ነው። በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ ሁለቱ ማኅበረሰቦች የጎደላቸው ነገር የተለያየ መሆኑን ግን ያሳየናል።

ጢስ ዓባይ ስሙን ያገኘው ከላይ ከገለጽነው ከጠብታዎች ጉም ነው። የጢስ ዓባይ ጉም ግን ጨው የለበትም። ስለዚህ በዙሪያው ያለውን ዕፅዋት ያለመልማል እንጂ አያደርቅም። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በክረምት ማብቂያ ወንዙ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ምስሉ በአንድ ብር ኖታ ጀርባ ላይ ስለታተመ በአገራችን ያላየው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በ1964 ከፏፏቴው አጠገብ 11.4 ሜጋዋት የሚያመነጭ የመጀመሪያው ጣቢያ ተሠራ። ይህ ጣቢያ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ስለነበር በፏፏቴው ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። በ1996 ግን ከጣና ሐይቅ መውጫ ላይ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ የመጀመሪያዎቹ በሮች ተተከሉ፤ በ2001 ተጨማሪ በሮች ተሟልተው 73 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሥራ ጀመረ።

ቀመራችንን እንደገና እናንሳ። ውሃው ወደ ጣቢያው የሚወርድበት ከፍታ 50 ሜትር ያህል ነው፤ የተርባይኑን ብቃት 90 በመቶ እንበል። 73,000 ኪሎዋት ለማመንጨት በሴኮንድ ከ150 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያስፈልጋል። ከጣና በዓመት የሚወጣው ውሃ በአማካይ 3.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ይህም በሴኮንድ ወደ 120 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የሚፈልገው ውሃ ከወንዙ አማካይ ፍሰት ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በበጋ ወራት ለፏፏቴው ምን እንደሚተርፈው ለማወቅ ሌላ ጥናት አያስፈልግም፤ ገደሉ ራቁቱን ቀርቶ በአንድ ጥግ ቀጭን የውሃ ገመድ ብቻ ሲወርድ ብዙ ጎብኚ ተመልክቷል።

በወቅቱ የነበረው ምርጫ ቀላል እንዳልነበረ መመስከር ይገባል። በ2001 የአገሪቱ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ጠቅላላ አቅም 500 ሜጋዋት አይሞላም ነበር። 73 ሜጋዋት ከሰባት አንድ እጅ ያላነሰ ድርሻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዋጋውን የከፈሉት በብዛት መብራቱ የገባላቸው ሰዎች አልነበሩም። ጎብኚን ከላይ በጀልባ የሚያሻግሩ፣ በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ በኩል መንገድ የሚመሩ፣ ጋቢና ነጠላ ዘርግተው የሚሸጡ የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። በ2003 ደግሞ ድርቅና የኃይል ፍላጎት ተደራርበው የጣና ውሃ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ብሎ ወረደ፤ የሐይቁ መርከቦችም ለወራት ቆሙ።

የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋም ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የወንዙን መሠረታዊ ሥነ ምህዳር ለመጠበቅ በአማካይ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ፏፏቴው መለቀቅ እንዳለበት አስልተዋል። ይህም ከአማካይ ዓመታዊ ፍሰቱ 22 በመቶ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ አሣውና ዕፅዋቱ እንዲኖሩ የሚያስፈልገው ነው። ለጎብኚ ዓይን የሚያስፈልገው ስንት እንደሆነ የተለየ ጥያቄ ነው።

በ2010 የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ሁኔታው ሌላ መልክ ያዘ። ይህ ጣቢያ የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ያወርደዋል፤ አቅሙም 460 ሜጋዋት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ኤሌክትሪክ በበለስ የሚሰጠው ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከፍታው ስድስት እጥፍ ነው። ለመሐንዲስ ይህ ትልቅ ድል ነው። ለፏፏቴው ግን ውሃው ገና ከሐይቁ ሳይወጣ ሌላ ተወዳዳሪ ተነሳበት ማለት ነው።

የናያግራ የሰዓት ሰሌዳ

ይህን ዓይነት ክርክር ከእኛ በፊት ያስተናገዱ አሉ። የናያግራ ፏፏቴ ለአሜሪካና ለካናዳ ጎብኚም ኤሌክትሪክም ያስገኛል። ሁለቱ አገሮች በ1950 በተፈራረሙት ውል ውሃውን በሰዓት ተከፋፈሉት። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው የጎብኚዎች ወቅት በቀን ብርሃንና በምሽቱ መጀመሪያ በሴኮንድ ቢያንስ 2,832 ሜትር ኩብ በፏፏቴው ላይ መውረድ አለበት። በሌሊትና ጎብኚ በማይበዛበት ወቅት ግን ግማሹ፣ 1,416 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ የቀረው ወደ ተርባይን ይሄዳል።

በሌላ አነጋገር ናያግራን የሚያደንቀው ጎብኚ በከፊል የሚያየው በሰዓት ሰሌዳ የሚከፈትና የሚዘጋ ትርኢት ነው። በዚህ ረገድ ከኤልያሰን ፏፏቴዎች ጋር ይመሳሰላል። ጎብኚው በሌሊት አይመለከትም፤ ተርባይኑ ደግሞ ቀንና ሌሊት አይለይም። ውሉ የተመሠረተው በዚህ ቀላል ልዩነት ላይ ነው።

ስሌቱን በራሳችን ፏፏቴ ብንሞክረው

ለሙከራ ያህል በበጋ ወራት በሴኮንድ 60 ሜትር ኩብ ውሃ በቀን ለአራት ሰዓት በጢስ ዓባይ ላይ ይውረድ ብለን እናስብ። ቁጥሩን የመረጥነው ለስሌት እንዲመች ነው። የሚያስፈልገው ውሃ 60 × 4 × 3,600 ማለትም 864,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ውሃ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል።

አንደኛው፣ ውሃው ከጣና ወደ በለስ ከሚሄደው ተቀንሶ የመጣ ከሆነ፣ የከፍታውን 300 ሜትርና 85 በመቶ ብቃት ይዘን ስናሰላ በቀን ወደ 600,000 ኪሎዋት ሰዓት እናጣለን። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ብናስበው 30,000 ዶላር ነው። ሁለተኛው፣ ውሃው ቀድሞውኑ በወንዙ ውስጥ ሆኖ ወደ ጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ሊገባ ሲል የተመለሰ ከሆነ፣ የሚታጣው ወደ 106,000 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም ወደ 5,300 ዶላር ይጠጋል። ስለዚህ የፏፏቴው «የመግቢያ ዋጋ» ውሃው ከየት እንደተቀነሰ በስድስት እጥፍ ይለያያል። በሁለቱም መንገድ ውሃው ራሱ አይጠፋም፤ የጢስ ዓባይም ሆነ የበለስ ውሃ በመጨረሻ የሚገባው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው።

ጊዜውም እንደ ገንዘቡ መታሰብ አለበት። ከጨራጨራ እስከ ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው በሴኮንድ አንድ ሜትር ቢጓዝ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ጎብኚ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲያየው ከተፈለገ የሐይቁ በር እኩለ ሌሊት እንዳለፈ መከፈት አለበት። በመንገዱም ላይ የውሃው ማዕበል እየተለጠጠ ከፍታው ስለሚቀንስ፣ ለአራት ሰዓት የተለቀቀው ውሃ ለረዘመ ሰዓት ግን በሳሳ መጠን ይደርሳል። በፏፏቴው አፍ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግን ውጤቱን ወዲያው ያሳያል። ከዚህም በላይ ወንዝ በድንገት ሲሞላ በመሻገሪያ ላይ ያለ ሰውና ከብት ለአደጋ ይጋለጣል፤ አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማሰማት ከውበቱ በፊት የሚመጣ ግዴታ ነው።

ታዲያ ያዋጣል? በየቀኑ 5,300 ዶላር ለመመለስ በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር የሚያወጡ 530 ተጨማሪ ጎብኚዎች በየቀኑ ያስፈልጋሉ። «ተጨማሪ» የሚለውን ቃል ከሲኒማ ራሱ ምሳሌያችን ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት፤ ለጣና ገዳማት የመጣና እግረ መንገዱን ፏፏቴውን ያየ ሰው አይቆጠርም። በመደበኛ ቀን ይህ ቁጥር ከባድ ነው። በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ በቅዳሜና እሑድ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ተፈጥሮ ፏፏቴውን የምትሞላው በነሐሴና በመስከረም ነው። የውጭ ጎብኚ በብዛት የሚመጣው ግን ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውሃው እየጎደለ በሚሄድበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት በተመረጡ ቀናት ለጥቂት ሰዓታት መልቀቅ፣ በዓመት ሙሉ ከመልቀቅ እጅግ የረከሰ ነው። ጊዜያዊነት እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መሣሪያ ሊያገለግል የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

የክርክሩ ሌላው ወገንም ተለውጧል። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት 73 ሜጋዋት ከዚህ 1.4 በመቶ ብቻ ነው። በ2001 ከሰባት አንድ እጅ የነበረው መሥዋዕትነት ዛሬ በመቶኛ ሲታይ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። በሌላ በኩል ጎብኚ እንዳይመጣ የሚያደርገው የውሃ እጥረት ብቻ አይደለም። ከ2020 ወዲህ ወረርሽኝ፣ ጦርነትና የጸጥታ ችግር የአማራ ክልልን የጉብኝት ሥራ ክፉኛ ጎድተውታል። ሰላም በሌለበት የተለቀቀ ውሃ ተመልካች አያገኝም። ስለዚህ «ውሃው ቢለቀቅ ጎብኚ ይመጣል» ብሎ መደምደም፣ «ውሃው ስለተወሰደ ጎብኚ ጠፋ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ምክንያት እንደ ማላከክ ሁሉ ያልተሟላ ነው።

ይህን የሚፈታው መለኪያ ነው፤ መለኪያውም ውድ አይደለም። የፍሰት መጠን በፏፏቴው አፍ በየሰዓቱ ይመዝገብ። በመግቢያው ላይ የጎብኚ ቁጥር ከትኬት ጉርድ ይሰብሰብ፤ ለምን እንደመጡና ውሃውን እንዳገኙት ሆኖ ጠብቀውት እንደሆነ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይጠየቁ። ከዚያም በዘፈቀደ በተመረጡ ቅዳሜዎች ውሃው ይለቀቅ፤ በሌሎቹ አይለቀቅ። ሁለቱ ይነጻጸሩ። ለአንድ የፊዚክስና የስታትስቲክስ ተማሪዎች ቡድን ይህ ከመመረቂያ ጽሑፍ የማይበልጥ ሥራ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ለቦታው ከማንም ይቀርባሉ።

ኒው ዮርክ ፏፏቴ ስላልነበራት አንድ ሜጋዋት ከፍላ ለአንድ በጋ ሠራች። ዛፎቿ ሲጎዱ ሰዓቱን ቀነሰች፤ ጊዜው ሲያልቅም ብረቱን ፈትታ ወንዟን እንደነበረ ተወችው። እኛ ገደሉም፣ ከፍታውም፣ ጨው የሌለው ውሃም አለን። የጎደለን የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱን የሚወስን ስሌት ነው። ያን ስሌት የሚሠራ ሰው ቀመሩን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል።